መርዶ ይዤ ከሚዙላ እስከ ኢገን

እኔና እትዬ አንድ የጭነት መኪና ለሁለት እንነዳ ነበር። አንዳችን ስንነዳ ሌላችን ከወንበሩ ኋላ ባለው አልጋ ላይ እንተኛለን፤ መኪናው የሚቆመው ነዳጅ ለመቅዳትና ገላ ለመታጠብ ብቻ ነው። እንዲህ ሁለት ሆነው የሚነዱትን «ቲም» ይሏቸዋል። የሚከፈለን በሰዓት ሳይሆን በሄድነው ማይል ስለነበር ዋናው ጭንቀታችን ጥሩ ማይል ማግኘት ነው። ጥሩ ማይል ማለት ከአገሩ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ የሚወስድ ረጅም ጭነት ነው። መጥፎ ማይል ደግሞ እዚሁ ከምንኖርበት ከሚኔሶታ፣ ከሴንት ፖል ጭኖ እዚያው አቅራቢያ ለማራገፍ ቀኑን ሙሉ መጋዘን በር ላይ ተሰልፎ መዋል ነው።

እትዬ የሥጋ ዘመዴ አይደለችም። የተዋወቅነው ብሉሚንግተን ሆቴል ውስጥ አብረን አልጋ ስናነጥፍ ነው። በሃያ ዓመት ያህል ትበልጠኛለች። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስላት «አታስረጂኝ፣ ገና ባል አገባለሁ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ እትዬም አልኳት፣ አንቺም አልኳት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኛል፤ የሆቴሉ አለቃ ስሜን ሲጠራ እንኳን ላብ ያጠምቀኝ ነበር። የትራክ መንጃ ፈቃድ እናውጣ ያለችው እሷ ናት። ሲዋርድ ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ወለሉ ላይ ተቀምጠን፣ እሷ የፈተናውን መጽሐፍ እየተረጎመችልኝ፣ እኔ እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት። ስንፈተን እኔ በመጀመሪያው አለፍኩ፣ እሷ ደገመች። ይህን ለሰው ሁሉ እየሳቀች የምታወራው ራሷ ናት።

ዕድሜዬን ሙሉ ጎበዝ ነሽ ተብዬ የማውቀው በመንዳት ብቻ ነው። መሪ ከያዝኩ ማንንም ማናገር የለብኝም። ጭነት የሚያድለንን ዲስፓቸር የምታናግረው እትዬ ናት፤ እኔ ሰውየውን በድምፁ ብቻ ነው የማውቀው። «ሁለቱ ሴቶች እምቢ አያውቁም» ይላል አሉ። ለዚህ ነው ጥሩ ጥሩውን የሚሰጠን።

ያን ዓመት ግን በጋውን ሁሉ ማይሉ መጥፎ ነበር። ከዚያ የፖም ወቅት ሲገባ ዲስፓቸሩ ደወለ። የያዝነውን ጭነት ታኮማ ካራገፍን በኋላ ያኪማ ሄደን ፖም እንድንጭን፣ ፖሙን አትላንታ እንድናደርስ፣ ከአትላንታም እንደገና ወደ ምዕራብ የሚመልስ ጭነት እንዳለ ነገራት። እትዬ ስልኩን ዘግታ መሪውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። እኔም ከኋላ አልጋው ላይ ሆኜ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ወደ ታኮማ ስንሄድ ሚዙላ ላይ፣ ትራክ ስቶፕ በሚሉት የጭነት መኪና ማረፊያ ቆምን። እትዬ ፎጣዋን ይዛ ሻወር ገባች። እኔ መኪናው ውስጥ ተራዬን ልጀምር ስዘጋጅ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ የአክስት ልጅ ነው፤ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ ትልቅ ሰው። በእኔ ስልክ ደውሎ አያውቅም።

«እሷ አጠገብሽ ናት?»

«ሻወር ገብታለች፣ ጋሼ።»

«እየነዳሽ ነው?»

«ቆመናል።»

«ሞተሩን አጥፊው።»

አጠፋሁት።

«አባቷ ዐረፉ። ትናንት። ዛሬ ተቀብረዋል። ስሚኝ፣ እንዳትነግሪያት። እዚያ በረሃ ላይ፣ ያን ሁሉ ብረት ይዛችሁ፣ አይሆንም። ቤቷ ድረስ አምጪልን፤ ጠዋት ሽማግሌ ይዘን መጥተን እኛ እናረዳታለን። አዳማ ወደ አባቷ ቤትም አታስደውያት። ለቅሶ ቤት ነው፤ ማን ስልኩን እንደሚያነሳ አይታወቅም። ገባሽ?»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ።

እግዜር ይፍረድብኝ፣ በዚያች ሰዓት መጀመሪያ ወደ ልቤ የገባው ሟቹ አልነበሩም። አትላንታ ነው። አትላንታው ቀረ፣ ጥሩው ማይል ሄደ ብዬ አሰብኩ። ሰውየው ስልኩን ሊዘጋ ሲል ነው ትዝ ብሎኝ «ነፍሳቸውን ይማር» ያልኩት። ዘግይቼ እንዳልኩት እሱም ያስተዋለ መሰለኝ።

እትዬ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ፣ ሁለት ሻይ ይዛ መጣች። መኪናው ላይ ወጥታ ተቀመጠችና አየችኝ።

«ምነው ፊትሽ?»

«ጥርሴን» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

«አፍሽን ክፈቺ።»

የእጅ ባትሪ አውጥታ አፌ ውስጥ አበራች። ቀኝ በኩል የበሰበሰ መንጋጋ ጥርስ እንዳለኝ እኔም ረስቼው ነበር።

«ይኸው፣ እንደ ከሰል ጠቁሯል። እንዴት ችለሽ ነው እስከ ዛሬ የያዝሽው? ግድ የለሽም። ጥርስ በሕልም ሲወልቅ ነው ክፉው፤ በእውን ሲታመም ምንም አይደለም።» ከቦርሳዋ ቅርንፉድ አውጥታ በጣቷ ጥርሴ ላይ አደረገችልኝ። «ንከሺው። ተኚ፣ እኔ እነዳለሁ።»

የእኔ ተራ ነበር። ገና አሁን ከመሪ መውረዷ ነው። እምቢ ብል ጥርሱ ውሸት ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ ወደ አልጋው ሄጄ ተኛሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሷ እያንጎራጎረች ስትነዳ እሰማታለሁ። ቅርንፉዱ ምላሴን አቃጠለው፤ አልተፋሁትም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ያገር ቤት ልጅ ስለሆንኩ የአክስቷ ልጅ ትክክል እንደሆነም አውቃለሁ። ግን መርዶ ነጋሪ ማለዳ ሄዶ ነግሮ፣ ደግፎ፣ አልቅሶ ይሄዳል እንጂ ከሐዘንተኛው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ እየበላና እየጠጣ ቀናት አያሳልፍም። የእኛ መኪና ደግሞ ከአንድ ክፍልም ታንሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ታኮማ አራገፍን። እትዬ የያኪማውን አድራሻ ጽፋ መስተዋቱ ሥር ሰክታዋለች። እኔ ሌሊቱን ስለማመደው ያደርኩትን ቃል ለመናገር አፌን ከፈትኩ።

«እትዬ፣ ቤት እንሂድ።»

«የት ቤት?»

«ሚኔሶታ። ጥርሴ ብሶብኛል።»

«አትላንታ የጥርስ ሐኪም አለ። የኛ ሰዎች እዚያ ሞልተዋል፣ አገኝልሻለሁ።»

«እኔ የማውቀው ሐኪም ጋ ነው የምሄደው።»

«አንቺ የምታውቂው ሐኪም አለ?» ሳቀች። «ያንን ጥርስ እኮ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ስሚ፣ ይሄን ሎድ ካንስል ካደረግን ሰውየው ከእንግዲህ ዞር ብሎም አያየንም። በጋውን ሁሉ ምን ስንጠብቅ ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«አልሄድም» አልኩ።

ለእሷ እንዲህ ተናግሬያት አላውቅም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እትዬ መነጽሯን አውልቃ ጠራረገች፣ መልሳ አደረገች። ቆይታ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋች።

«እንግዲያው አንቺ ንገሪው። እኔ ዬስ ብዬዋለሁ፤ ሁለት ምላስ አይኖረኝም።»

ዲስፓቸሩ ሲያነሳ ማን እንደሆንኩ አላወቀም። «ኖ አትላንታ፣ ሆም» አልኩት። አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ቱዝ» አልኩ፣ ጥርሴን ለማለት። ደግሞ ጠየቀኝ። «ሆም» አልኩ። ወደ ሴንት ፖል የሚሄድ የወረቀት ጥቅል እንዳለ ነገረኝ። ፖሙን ለሌላ ቲም ሰጠው። ስልኩን ስመልስላት በላቤ ርሶ ነበር። እትዬ አየችውና ቁጣዋን ተወችው።

«በጣም አሞሻል ማለት ነው» አለች። «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ።»

ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት።

እሑድ ጠዋት ቢሊንግስ ደረስን። እሑድ እትዬ አባቷ ጋ የምትደውልበት ቀን ነው። ወደ አገር ቤት የሚደወልበትን ካርድ ሲዋርድ ካለ የኛ ሰው ሱቅ ነበር የምንገዛው፤ ትራክ ስቶፕ የሚሸጠው ለኢትዮጵያ ሲሆን ሄሎ ሳይባል ያልቃል። የቀራት ካርድ አንድ ነበር። እንቁላሏን በልታ ስትጨርስ ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው።

ጠዋቱን ሁሉ ስለ አባቷ ስታወራልኝ ነበር። ጥርሴን ልታስረሳኝ ነው። አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን ታመው፣ ጥርሱን በገመድ ከበር እጀታ ጋር አስረው፣ በሩን በኃይል እንድትዘጋው እሷን ልጃቸውን አዘዟት። እሷ ፈርታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ እሳቸውም ገመዱን ተከትለው እስከ በሩ ድረስ በእርምጃ መጡ። «እስካሁን ያ ጥርስ አለው» አለችኝ። «አንድ እሱ ብቻ ነው የቀረው። ከመኪናው ጎን ቆሜ የተነሳሁትን ፎቶ ስልክለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ጎማው ካንቺ ይበልጣል፣ እስቲ ስትወጪ መሰላል የሚይዝልሽ አለ ወይ?» ብላ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ካልሳቅኩ ትጠረጥራለች ብዬ ነው የጀመርኩት፤ በኋላ ግን እውነቴን ነበር የሳቅኩት። ሰውየው ያስቃሉ።

እጇ ወደ ካርዱ ሲሄድ ቀደምኳት።

«እትዬ፣ መጀመሪያ እኔ ልደውል?»

«አንቺ? በገዛ አፍሽ ጠይቀሽ?»

«እናቴ ጋ። ትንሽ ነው የማወራት።»

«ደውይ፣ ደውይ። ጥርስሽ ላይ ሳይሆን ምላስሽ ላይ ነው ቅርንፉዱ የሠራው።»

እናቴ ወልድያ ናት፤ ያኔ ስልክ አልነበራትም። ጎረቤት ተደውሎ በልጅ ትጠራለች፤ እስክትመጣ ብቻ ብዙ ደቂቃ ይሄዳል። ደግነቱ ያን ቀን ራቅ ብላ ሄዳ ነበርና ብዙ ቆየች። መጣች። እኔ ከእናቴ ጋር ሳወራ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ብር ደረሰሽ፣ ደረሰኝ ከማለት አልፌ አላውቅም።

«ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?» አልኳት።

«የትኞቹ ዶሮዎች?»

«ሁሉም።»

«ደህና ናቸው። ምን ሆነሻል ልጄ?»

«ምንም። ዝናቡስ? የጎረቤታችን ልጅ ሠርግ እንዴት ነበር? ምን ለበሰች?»

እናቴ ግራ እየገባት ነገረችኝ። ስለ ሠርጉ ድንኳን፣ ስለ ሚዜዎቹ፣ ወጡ ጨው ስለበዛበት። «ገንዘብሽ አያልቅም ወይ?» ትለኛለች፤ «ግድ የለም፣ ንገሪኝ» እላታለሁ። እትዬ ፊት ለፊቴ ሆና አገጯን በእጇ ደግፋ በፍቅር ታየኛለች። በመጨረሻ ያቺ ድምፅዋ የተቀዳው የካርዱ ሴትዮ አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል አለች። እሱንም አወራሁት። መስመሩ ሲቋረጥ እናቴ ስለ ጤፍ ዋጋ እየነገረችኝ ነበር።

«አለቀ» አልኩ።

«ይለቅ» አለች እትዬ። «እናትሽን እንዲህ ስታወሪያት አይቼ አላውቅም። እኔ ማታ ቤት ስንገባ እደውላለሁ፤ አባቴ እንደሆነ የትም አይሄድብኝም።»

መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ማልቀስ እንኳን አልቻልኩም። የራሴን ሕያው እናት ድምፅ እስክጠግብ የሰማሁት በእሷ ካርድ ነው። የእሷ አባት ደግሞ አፈር ውስጥ ናቸው፤ ያንን የማውቀው እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም።

ከቢሊንግስ በኋላ መሪውን ያዝኩ። ተሽሎኛል ብዬ እሷን አስተኛኋት። ዳኮታን እስክንጨርስ አልነቃችም፤ እኔም እንዳትነቃ እየጸለይኩ ነዳሁ። እትዬ የምትኖርበት ኢገን ስንደርስ ጨልሟል። መኪናውን ከነጭነቱ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ አቆምነው። በእሷ መኪና አፓርታማዋ ስንደርስ «ዛሬ ካንቺ ጋ ልደር?» አልኳት። ከግቢው ሆኜ ደርሰናል ብዬ በስውር ስደውልለት የአክስቷ ልጅ አብረሻት እደሪ ብሎኝ ነበር። ደስ አላት። ጨው በሞቀ ውሃ በጥብጣ አስጉመጠመጠችኝ፤ ሶፋው ላይ አንሶላ አነጠፈችልኝ። አዲስ ካርድ ስለሌላት ነገ እደውላለሁ ብላ ገብታ ተኛች። ስልኳ ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። ተነስቼ አጠፋሁት።

ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። የአክስቷ ልጅ፣ አንድ ሽማግሌና ነጠላ ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ማንም ደህና አደርሽ አላለኝም፤ ገብተው ቆሙ። እትዬ በሌሊት ልብሷ ከመኝታ ቤት ወጣች። እነሱን አየች። የሴቶቹን ነጠላ አየች።

«ማንን ነው?» አለች።

«አባባ» አላት የአክስቷ ልጅ።

ሴቶቹ ሊይዟት ተጠጉ። እሷ ግን ገና አልወደቀችም፣ አልጮኸችምም። ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ ወለሉን።

ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞላ። ከሥራ የሚወጣው ማታ ይመጣል፤ ሥራ የሚገባው ጠዋት ብቅ ብሎ ይሄዳል። የሚመጣው ሁሉ እኔን ያመሰግናል። አንዷ «ጨዋ ልጅ ናት፤ ያን ሁሉ መንገድ ችላ በሰላም አደረሰቻት» ትላለች። አንዱ ደግሞ «ለእሷ ስትል ስንት ማይል እንደተወች ታውቃላችሁ?» ይላል። ዝም ብዬ ሻይ አዞር ነበር። ይሉኝታ መሰላቸው። ስለ አባቷ ሞት ሰምቼ መጀመሪያ ያዘንኩት ለአትላንታ መሆኑን ማንም አያውቅም፤ እትዬንም እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

በሦስተኛው ቀን ኩሽና ውስጥ ብርጭቆ ሳጥብ መጥታ ከጎኔ ቆመች።

«ከየት ጀምሮ ነው የያዝሽው?»

«ከሚዙላ።»

አሰበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ መንገዱን ወደ ኋላ የምትሄድበት መሰለኝ።

«እንግዲያው ስለ ጥርሱ ያወራሁልሽ፣ ያን ሁሉ የሳቅኩት፣ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።»

«እትዬ፣ ጋሼ ናቸው እንዳትነግሪ...»

«አውቃለሁ ምን እንዳሉሽ። ካርዱንም አውቀሽ ነው የጨረስሽው።»

«አዎ።»

«ጎበዝ» አለች። ብርጭቆውን ከእጄ ወስዳ አለቀለቀችውና ደፋችው።

ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሷ ቤት በተቀመጠችበት ጊዜ ዲስፓቸሩ ብቻዬን አጫጭር ጭነት ሰጠኝ። የሚገባኝ ነው ብዬ ተቀበልኩ። መጋዘን በር ላይ ተሰልፌ ስውል ያለ እሷ ሁለት ቃል የማናግረው ሰው አልነበረም። እንደማትመለስ፣ ብትመለስም ከሌላ ጋር እንደምትነዳ ነበር የማስበው። ተመለሰች። ጥቁር ለብሳ፣ ፍራሿንና ትራሷን ይዛ መጥታ እንደ ድሮዋ ወጥታ ተቀመጠች። ለመጀመሪያው ቀን ስለ መንገድና ስለ ነዳጅ ብቻ ነው ያወራነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ እሷ እየነዳች፣ እኔ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ከጎኗ ተቀምጬ፣ ራሷ ጀመረችው።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊኝ። የኔ ሰው ከሆነ መኪናውን ጥግ አስይዢና ንገሪኝ። ብጮህም እዚያው ልጩህ። ሰውን በሐሰት አያስቁም።»

«እሺ።»

«በይ ማይ።»

«ማርያምን።»

ረጅም መንገድ ሄድን። ሜዳው ታጭዷል፤ ምንም የሚታይ የለም። እኔ ከራሴ ጋር ስታገል ቆይቼ ጠየቅኳት።

«የኔ ሰው ቢሆንስ፣ እትዬ?»

«የምን ያንቺ?»

«እናቴ ብትሆን። ያንቺ ስልክ ላይ ቢደውሉ። እኔ ሻወር ገብቼ።»

 ፊት ለፊታችን ዳገት ነበር፤ ማርሽ ቀየረች፣ ደግማ ቀየረች። አናቱ ላይ ስንወጣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። ምን እንዳየች እንጃ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ቤትሽ አደርስሻለሁ» አለች።

ልቆጣ ይገባኝ ነበር። ያስማለችኝን እሷ ልትምልልኝ አልቻለችም፤ እሷም እንደ እኔ ደብቃ ነው የምታመጣኝ። አልተቆጣሁም፤ ከሚዙላ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ትንሽ ቀለል አለኝ። ብዙም አይደለም። ተመልሰን ቲም ሆነናል፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ ዲስፓቸሩም ጥሩ ማይል መስጠት ጀምሯል። ብቻ አሁን እትዬ ሳልጠይቃት ደግ ስትሆንልኝ፣ ተራዬ ሆኖ ሳለ «ተኚ፣ እኔ እነዳለሁ» ስትለኝ፣ ፊቷን ሳላጠና አልተኛም። እሷም እንደማጠናት ታውቃለች። «ምንም የለም፣ ተኚ» ትለኛለች። አንዳንድ ቀን አምናታለሁ።